ኳሱን ሰጣችኋቸው፤ ወረቀቱስ?

በአንድ የመስቀል ሰሞን ነው። እንደ ደንቡ አገር ቤት ገብተናል፤ ክትፎው ተበልቷል፣ ዘመድ ተጠይቋል፣ ከሰዓት በኋላ እግራችን እንደለመደው ወደ ኳስ ሜዳ ወስዶናል። የታዳጊ ፕሮጀክት ልጆች ይጫወታሉ። የማዕዘን ምት ተሻማ፤ ሁለት ልጆች ለአንድ ኳስ ዘለሉ፤ ጭንቅላት ለጭንቅላት ተጋጩ። አንደኛው ግንባሩን እያሸ ተነሣ። ሁለተኛው ለጥቂት ሰከንዶች አልተንቀሳቀሰም። አሰልጣኙ ሮጠው ገቡና የሃይላንድ ውሃ ራሱ ላይ ደፉበት። «አለህ? አለህ አይደል?» አሉት። ልጁ ራሱን ነቀነቀ። በሜዳው ዙሪያ የቆመው ሰው አጨበጨበ። እኛም አጨበጨብን። ከመካከላችን «ጀግና!» ብሎ የጮኸም ነበረ። ልጁ ጨዋታውን ጨረሰ፤ ከዕረፍት በኋላ ኳስ ይዞ ወደ ራሱ ጎል ሲሮጥ ተሳቀበት።

ማታ ቤቱ ደጋግሞ አስመለሰው። ሐኪም ቤት ተወሰደ፤ ፈጣሪ ይመስገን ተረፈ። ግን ከሁለት ሳምንት በላይ ብርሃን ማየትና መጽሐፍ መግለጥ አልቻለም። ኳስ ዳግም አልነካም፤ እናቱ አትፈቅድም፤ ማን ይፈርድባታል?

(ወልቂጤ ነበር ወይስ ቡታጅራ? ሆን ብለን አንናገርም። አሰልጣኙን ለማሳጣት አይደለም የምንጽፈው፤ ነገሩም በሁለቱም ከተሞች በማንኛውም ቅዳሜ ሊደርስ የሚችል ነው።)

አሰልጣኙ ቸልተኛ ሰው አይደሉም። ቀን ያስተምራሉ፤ ከ10 ሰዓት በኋላ 30 ልጅ ይዘው ሜዳ ይወርዳሉ። የሚከፈላቸው ለትራንስፖርት እንኳ አይበቃም። ልጁ እንደታመመ የሰሙ ሌሊት ከቤተሰቡ ጋር ነው ያደሩት። በሌላ ቀን ቡና ይዘን «ጋሼ፣ ለምን አላስወጡትም?» አልናቸው። ስኒውን አስቀመጡ። «እናንተ ልጆች፣ እኔም ተጫዋች ሆኜ ስወድቅ እንዲህ ነው ያደረጉኝ። መከልከል እንዳለብኝ የት አገኘው ነበር?» አሉ።

ቦርሳቸውን ከፍተው ያላቸውን ሁሉ አሳዩን። አንድ ፊሽካ። አንድ የደበዘዘ ደብተር። ከብዙ ዓመት በፊት ከተሰጠ የአጭር ጊዜ ሥልጠና የተረፈ የፎቶ ኮፒ ፎቶ ኮፒ። ገጽ 14 የለም። ሥዕሎቹ ጠቁረው ሰውየው ይዝለል ይስገድ አይለይም። ስለ ጭንቅላት ግጭት አንድ መስመር የለበትም። ይህ እንግዲህ የሙሉ ቤተ መጻሕፍታቸው ዝርዝር ነው።

ዛሬ የምንጮኸው ስለዚህ ነው። ስፖርት እንዲያድግ የሚፈልግ ሁሉ ኳስ ይገዛል፣ መለያ ያሳትማል፣ ዋንጫ ያስቀርጻል፣ ፎቶ ይነሣል። ለአሰልጣኙ የሚነበብ ነገር የገዛ፣ የተረጎመ፣ ያባዛ ሰው ወይም ቢሮ ካያችሁ ንገሩን፤ እኛም ሄደን ፎቶ እናነሣዋለን።

«ስልክ አለ አይደል?»

ይህን ባነሣን ቁጥር ዝግጁ ሆኖ የሚጠብቀን መልስ አለ። «በዚህ ዘመን መረጃ ቸገረ? ስልክ ይዘዋል፣ ኢንተርኔት አለ፣ ጉግል ያድርጉ!» ይላሉ። አብዛኞቹ እንዲህ የሚሉት እንደ እኛው አዲስ አበባ ቁጭ ብለው በዋይፋይ የሚያነቡ ናቸው። እሺ፣ አልንና እኛው ሞከርነው። አሰልጣኙን ሆነን፣ በአማርኛ፣ በስልክ።

መጀመሪያ ፊደሉ ይፈትናችኋል። «አሰልጣኝ» በእሳቱ ሰ እና «አሠልጣኝ» በንጉሡ ሠ ብትጽፉ የሚመጣላችሁ አንድ አይደለም። (የፊደል ክርክሩን ለሊቃውንቱ ትተነዋል፤ ጉዳቱ ግን ሜዳ ድረስ እንደሚደርስ እወቁልን።) ቀጥሎ የሚመጣው የዝውውር ወሬ ነው። እንደገና ስለ ጭንቅላት ጉዳት ጠየቅን፤ የመኪና አደጋ ዜና መጣ። እንደገና ሞከርን፤ ስለ ራስ ምታት የሚሰብክ ቪዲዮ መጣ። የፓኬጁ ሜጋባይት ግማሽ ሲደርስ ተውነው።

ከዚያ በእንግሊዝኛ «ኮንከሽን» ብለን ጻፍን። ጎርፉ ያኔ መጣ። እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመ፣ ሐኪም ላልሆነ ሰው ተብሎ የተዘጋጀ፣ በነጻ የሚወርድ፣ የተመታን ተጫዋች እንዴት መለየት እንደሚቻል የሚያሳይ አጭር ሰነድ አገኘን። ፍሬ ነገሩ በሦስት መስመር ይነገራል፦ ከተጠራጠርክ አስወጣው፤ በዚያ ቀን ወደ ሜዳ አትመልሰው፤ ካስመለሰው፣ ራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ፣ ግራ ከተጋባ፣ ካንቀጠቀጠው ወይም አንገቱን ካመመው ቶሎ ሐኪም ቤት። የኳሱ ሕግ ራሱ ነገሩን ከቁም ነገር ቆጥሮታል፤ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2024 ጀምሮ ጭንቅላቱን የተመታ ተጫዋች ከመደበኛው ቅያሪ ውጭ እንዲቀየር ውድድሮች መፍቀድ እንደሚችሉ በጨዋታው ሕግ ውስጥ ገብቷል። ይህን ከጻፍን በኋላ አንድ ጥያቄ አነቀን። ሰውየው «ኮንከሽን» የሚለውን ቃል ከየት ያመጡታል? ስሙን የማታውቀውን ነገር ልትፈልገው አትችልም። «ጉግል አድርግ» የሚለው ምክር፣ ቃሉን አስቀድሞ ለሚያውቅ፣ ማለትም ግማሹን መንገድ ለሄደ ሰው ብቻ የሚሠራ ምክር ነው።

ሌላም አለ። ቴሌግራም ላይ አሰልጣኞቻችን የሚለዋወጡት ነገር ሞልቷል፤ የባርሴሎና ሮንዶ፣ የጀርመኖች ጫና፣ የሆነ አካዳሚ የቴክኒክ ልምምድ። ቪዲዮ ነው፤ ማብራሪያ የለውም፤ ካለውም በማይሰሙት ቋንቋ ነው። የተሠራውም 16 ልጅ፣ 16 ኳስና እንደ ምንጣፍ የለሰለሰ ሣር ላላቸው ነው። እዚህ ያለው 30 ልጅ፣ ሁለት ኳስ (አንዱ ነፋሱን አይዝም) እና ከዝናብ በኋላ ከብት ያለፈበት ሜዳ ነው። በዚህ ሜዳ ላይ የሚሠራ ልምምድ የሚጽፍ ማን ነው? ባርሴሎና አይጽፍልንም።

ስለ እግሩም እናውራ

የጭንቅላቱ ጉዳይ አልፎ አልፎ ይሆናል። ጉልበትና ቁርጭምጭሚት ግን የየዕለት ናቸው። በሁለቱም ከተሞች በልምምድ ሰዓት ተዘዋውረን ያየነው ይህ ነው፦ ሜዳውን ሦስት ዙር ሩጫ፣ ቆሞ መሳሳብ፣ ከዚያ እየተንበረከኩ የእንቁራሪት ዝላይ፣ ጓደኛን በትከሻ ተሸክሞ መሮጥ። ውሃ? «ሆድ ይከብዳል» ተብሎ እስከ መጨረሻው ይከለከላል። ለ13 ዓመት ልጅ። ያሠለጠኗቸው ሰዎች ያደረጉት ይህ ስለነበረ ዛሬም ይህ ይደረጋል። ወግ ነው። እኛ ወግ እናከብራለን፤ ጉልበት ግን ወግ አያውቅም።

ፊፋ ያስጠናውና በነጻ የሚሰጠው «11+» የተባለ ማሟሟቂያ አለ። 20 ደቂቃ ይፈጃል፤ 15 እንቅስቃሴዎች አሉት፤ ከኮንና ከኳስ በቀር ዕቃ አይጠይቅም። (ኮን ከሌለ ድንጋይ ይሆናል።) ኖርዌይ ውስጥ ከ1,800 በላይ ልጃገረዶች በተሳተፉበት፣ እ.ኤ.አ. በ2008 በታተመ ጥናት፣ ማሟሟቂያውን የሠሩት ቡድኖች ጉዳታቸው በአንድ ሦስተኛ ገደማ ቀነሰ። «እሱ ኖርዌይ ነው» ትሉ ይሆናል። እንግዲያው ሌጎስ እንሂድ። ናይጄሪያውያን ተመራማሪዎች በ20 የታዳጊ ቡድኖች 416 ወንዶች ልጆችን ይዘው ለስድስት ወር ፈተኑት፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2014 ታተመ። ጉዳት በ41 በመቶ ቀነሰ። የሌጎስ ሜዳ ከቡታጅራ ሜዳ ይሻላል ብሎ የሚምል አለ?

ይህ ወረቀት በነጻ የሚነበብ ነው። ማንም አልቆለፈበትም። ከወልቂጤ አሰልጣኝ ጋር የሚያገናኘው አንድ የተረጎመ ሰውና አንድ የፎቶ ኮፒ ማሽን ብቻ ነው የጎደለው። የዚያ ጉድለት ዋጋ ደግሞ በልጆች ጅማት ይከፈላል። ዕድሜው 17 ሲሆን «ጎበዝ ነበር፣ ጉልበቱ አስቸገረው እንጂ» የሚባልለት ልጅ በየሰፈራችሁ ቁጠሩ። እኛ ስንቆጥር አሥር ጣት አልበቃንም፤ ከመካከላችን አንዱ ራሱ ከተቆጠሩት ነው። ወጌሻው አሽቶታል፣ በቅቤም ተሞክሯል፤ ዛሬ ደረጃ ሲወጣ ያነክሳል፣ በምትኩ ይጦምራል።

ስለ አትሌቲክስም አንድ ነገር እንበልና እንለፍ። ከእነዚህ ከተሞች ተነሥቶ አዲስ አበባ ክለብ የሚገባ ሯጭ ሁሉ በአበረታች ቅመም ሕግ ሥር ነው። የተከለከሉት ነገሮች ዝርዝር በየዓመቱ እ.ኤ.አ. ጥር 1 ይታደሳል። ሕጉ አሰልጣኙንም ይይዛል፤ «አላወቅሁም» ነጻ አያወጣም። ዓለም አቀፉ የፀረ-ዶፒንግ ተቋም ለአሰልጣኞች ያዘጋጀው ነጻ የኢንተርኔት ትምህርት አለ። የወረዳው የሩጫ አሰልጣኝ ግን ልጁ ከፋርማሲ የሚገዛውን የጉንፋን መድኃኒት የሚያመሳክርበት ገጽ እንዳለ የነገረው የለም። ከላይ ሕጉ ወርዷል፤ ትምህርቱ ግን መንገድ ላይ ቀርቷል።

የራሳችንን ጉድ

መንግሥትን ብቻ ወቅሰን ብንሄድ ደስ ባለን፤ ቀላልም ነበር። ነገር ግን የደበቅነው ነገር አለ። የካፍ የአሰልጣኝነት ፈቃድ ከዲ ጀምሮ በሲ፣ በቢና በኤ አልፎ እስከ ፕሮ ይደርሳል። ቦታው ጥቂት ነው፤ ፈላጊው ብዙ ነው። ዕድሉን ያገኘ ሰው ሥልጠናውን ጨርሶ ሲመለስ ሞጁል ይዞ ይመለሳል። ከዚያስ? ሞጁሉ ቁም ሳጥን ይገባል። «ዋጋ ከፍዬበታለሁ፣ ለምን ለተፎካካሪዬ እሰጣለሁ?» ይባላል። ሃንድአውት ለመዋስ አማላጅ የላኩ አሰልጣኞች አግኝተናል። አማላጅ! ለሚስት ሳይሆን ለሠላሳ ገጽ ወረቀት።

ሰዎቹን ከመኮነናችሁ በፊት ግን ምክንያቱን እዩ። ዕውቀት ብርቅ በሆነበት አገር ዕውቀት ይከዘናል፤ እንደ ጨው፣ እንደ ስኳር። ወረቀቱ በየስፖርት ጽሕፈት ቤቱ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ቢሆን ኖሮ ማን ይደብቀው ነበር? የሚደበቀው ስለሌለ ነው።

የእኛም የአድማጮቹ ድርሻ አለበት። ታክሲ ውስጥ የስፖርት ሬዲዮ ይከፈታል፤ የአርሴናል አሰልጣኝ በመልበሻ ክፍል የተናገሩት እስከ ሳሉበት ይተነተናል። ለአንድ ሰዓት። ደስ እያለን እንሰማለን። ለራሳችን ሊግ የደከሙ እንደ ሶከር ኢትዮጵያ ያሉ ገጾች ባይኖሩ የአገር ቤቱ ኳስ በአማርኛ ጭራሽ ባልተነበበ። ገነነ መኩሪያ «ኢህአፓና ስፖርት»ን ጽፎ ታሪካችንን አቆይቶልናል። የጎደለው «ነገ ከ10 ሰዓት በኋላ ሜዳ ላይ ምን ላድርግ?» ለሚል ሰው የሚሆን ጽሑፍ ነው። ያንን ማንም አልጠየቀም፤ እኛም አልጠየቅንም።

ሠራተኞቹ ወጡ፤ ከተማውስ?

ወልቂጤ ከተማ በ2011 ዓ.ም. ማደጉን ሲያረጋግጥ የነበረውን ደስታ የሚያስታውስ ያስታውሰዋል። «ሠራተኞቹ» በ2012 ዓ.ም. ፕሪሚየር ሊግ ገቡ። የዚያ ዓመት ውድድር በኮሮና ምክንያት ተሰረዘ። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ሊጉ በዲኤስቲቪ እየተላለፈ በተመረጡ ከተሞች እየተዘዋወረ ይካሄድ ጀመር። ለተመልካች መልካም ዜና ነበር። አሁን ነገሩን ከወልቂጤ የታዳጊ አሰልጣኝ ወገን እዩት። በአገሪቱ ትልቁ ሊግ ውስጥ የሚሠሩ አሰልጣኞች በስሙ ከተማ ይጠሩ ነበር፤ ልምምዳቸውንና ጨዋታቸውን ግን የሚያዩት አዳማና ባሕር ዳር ነበሩ። እሱ እንደማንኛውም ሰው ዲኤስቲቪ ቤት ገብቶ፣ ሻይ አዝዞ፣ ስክሪን ላይ ያይ ነበር። ከሜዳ አጥር ላይ ተንጠልጥሎ፣ በነጻ፣ እየሰረቀ መማር የሚባለው ትልቁ ትምህርት ቤት ያኔ ተዘጋበት። ክለብ ሲያድግ ዕውቀት ወደ ከተማው ይንጠባጠባል የሚለው ተስፋ ለእኛ አልሠራም፤ እንዲሠራ ያቀደውም አልነበረም።

ቡታጅራ ደግሞ ሌላ ተአምር አላት። ይህን የማታውቁ ካላችሁ ተቀመጡና ስሙ። እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የስዊድኑ ኡሚዮ ዩኒቨርሲቲ «የቡታጅራ የገጠር ጤና ፕሮግራም» በሚል በዚህ አካባቢ ምርምር ሲያካሂዱ ኖረዋል። ልደትና ሞት ተመዝግቧል፣ የልጆች በሽታ ተጠንቷል፣ የአእምሮ ሕመም ተጠንቷል። በዚህ ምርምር ዶክትሬት የሠሩ ኢትዮጵያውያን አሉ። ቡታጅራ የሚለው ስም በዓለም የሕክምና መጽሔቶች የታወቀ ስም ነው። ጥናቱን አናጣጥልም፤ ለጤና ፖሊሲ የጠቀመ ትልቅ ሥራ ነው። ግን ከቡታጅራ አንድ አሰልጣኝ «ስለ ከተማዬ ልጆች ዕድገትና ጤና የተጻፈውን ላንብብ» ቢል በየትኛው በር ይገባል? ስለ እኛ የተጻፈው ከእኛ ርቆ፣ በማናነበው ቋንቋ፣ በማንገባበት ቤት ተቀምጧል። እኛ መረጃ ሰጪዎች እንጂ መረጃ ተቀባዮች አልሆንንም።

የማንገባበት ቤት ያልነው ለነገር ማሳመሪያ አይደለም። «ሪሰርች ፎር ላይፍ» የተባለ ዝግጅት አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2002 በጤናው ዘርፍ የተጀመረ ነው። ኢትዮጵያን ለመሰሉ አገሮች ተቋማት በሺህ የሚቆጠሩ የሳይንስ መጽሔቶችን ያለክፍያ ይከፍታል። ለተቋማት። የይለፍ ቃሉ በዩኒቨርሲቲው ነው። የዩኒቨርሲቲው በር ላይ ደግሞ ጥበቃው መታወቂያ ይጠይቃችኋል። ከበሩ ውስጥ የስፖርት ሳይንስ ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፍ ይጽፋሉ፤ ስለምን? ስለ ታዳጊ ፕሮጀክቶችና ስለ አሰልጣኞች ችግር! መጠይቅ ይዘው ወደ አሰልጣኙ ይወጣሉ፣ ያስሞላሉ፣ ይመለሳሉ፣ በእንግሊዝኛ ይጽፋሉ፣ ይመረቃሉ። ከምክረ ሐሳቦቹ አንዱ ምንጊዜም «አሰልጣኞች ወቅታዊ መረጃ ሊያገኙ ይገባል» የሚል ነው። ጥራዙ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል፤ መጠይቁን የሞላው ሰው አያየውም።

«በቆጂስ ምን አነበበች?»

የምናከብረው አንድ ወዳጃችን ረቂቁን አይቶ በዚህ ጥያቄ ሊጥለን ሞከረ። ጥሩ ጥያቄ ነው። የበቆጂው ስንታየሁ እሸቱ የትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ነበሩ፤ ደራርቱን፣ ቀነኒሳንና ጥሩነሽን የመሰሉ ሯጮችን ከልጅነታቸው ጀምሮ አሠልጥነዋል። ቤተ መጻሕፍት ኖሯቸው ነው? አልኖራቸውም። እንግዲያው ወረቀት ምን ያደርጋል?

ጥያቄውን ገልብጠን እንመልሰው። ስንታየሁ በዚህ ሁሉ ዓመት የደረሱበትን ነገር የቡታጅራ አሰልጣኝ ዛሬ የት ሊያነበው ይችላል? በ2008 ዓ.ም. ያረፉት ዶክተር ወልደመስቀል ኮስትሬ ሃንጋሪ ተምረው መጥተው በኦሊምፒክ መድረክ ወርቅ በወርቅ ያደረጉንን ትውልድ መርተዋል። የልምምድ ፕሮግራማቸውን በአማርኛ አሳትሞ በየወረዳው ያሰራጨ ማን ነው? የአበበ ቢቂላ አሰልጣኝ ኦኒ ኒስካነን ከመጡበት አገር የያዙትን ይዘው መጡ፤ ለእኛ የተረፈን ዝናቸው ነው። አገራችን ታላላቅ አሰልጣኞች አጥታ አታውቅም። የሚያውቁት ግን ከእነሱ ጋር ይቀበራል፤ ተከታዩ ትውልድ ከዜሮ ይጀምራል። በቆጂ የመረጃን አለመጠቀም አታሳይም፤ አንድ ያወቀ ሰው አንድ ከተማ ላይ ቢቀመጥ ምን እንደሚሆን ታሳያለች። እኛ የምንለው ሰውየውን ማባዛት ባንችል እንኳ የሚያውቁትን እናባዛ ነው።

ሌላ ምሳሌ ከሩቅ። አይስላንድ ሕዝቧ ከአንድ ክፍለ ከተማችን አይበልጥም። የአሰልጣኝነት ሥልጠናውን ለሚፈልግ ሁሉ ከፈተች፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ ፈቃድ ያላቸው አሰልጣኞች አፈራች፤ ትንንሽ ልጆችን ሳይቀር የሠለጠነ ሰው ያዛቸው። እ.ኤ.አ. በ2016 በአውሮፓ ዋንጫ እንግሊዝን አሰናብታ ሩብ ፍጻሜ ስትገባ ከሁለቱ ዋና አሰልጣኞች አንዱ ሄይሚር ሃልግሪምሰን ነበሩ፤ ከአንዲት የአሣ አጥማጆች ደሴት የመጡ የጥርስ ሐኪም። ቀን ጥርስ እየነቀሉ ማታ ያሠለጥኑ ነበር። ወልቂጤ ውስጥ ቀን ሱቅ እየጠበቀ፣ ቀን እያስተማረ፣ ማታ የሚያሠለጥን ሰው ሞልቷል። ልዩነቱ ጥርስ አይደለም።

ምን ይደረግ ለምትሉን

የምንጠይቀው ስታዲየም አይደለም። (ስታዲየም ብንጠይቅ የመሠረት ድንጋይ ይቀመጥልን ነበር፤ እሱም ፎቶ አለው።) የምንጠይቀው በየወረዳው የስፖርት ጽሕፈት ቤት አንድ መደርደሪያ፣ የተሰጡ ሥልጠናዎች ሞጁል ሁሉ አንድ አንድ ቅጂ የሚቀመጥበት፣ ማንም አሰልጣኝ ፈርሞ የሚወስደው ነው። በሕዝብ ገንዘብ የተሰጠ ሥልጠና ወረቀቱም የሕዝብ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 29 መረጃ የመሻትና የመቀበል ነጻነትን፣ በአንቀጽ 41 ደግሞ መንግሥት ለስፖርት መስፋፋት አስተዋጽኦ የማድረግ ኃላፊነቱን ጽፏል። በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 590 ማንም ሰው ከመንግሥት አካል መረጃ የመጠየቅ መብት እንዳለው ደንግጓል። እስከ ዛሬ ይህን አዋጅ የምናነሣው ለትልልቅ የፖለቲካ ሰነዶች ነበር። አሁን ለእግር ኳስ ሃንድአውት እናንሣው። አሰልጣኞች ሆይ፣ ማመልከቻ ጻፉ፤ መጻፉን እኛ እናግዛለን።

ቡታጅራ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ሆናለች፤ ወልቂጤ በጉራጌ ዞን መቀመጫነቷ ቀጥላለች። ሁለት ዞን ማለት ሁለት የስፖርት መምሪያ፣ ሁለት በጀት፣ ሁለት ማኅተም ማለት ነው። ስለ ወሰኑና ስለ መዋቅሩ ከመካከላችን የተለያየ አቋም ያለን አለን፤ ሌላ ጊዜ እንጨቃጨቅበታለን። ግን አንዱ መምሪያ የተረጎመውን ሌላው ቢያባዛ ማንን ይጎዳል? ጅማት ዞን የለውም።

ዩኒቨርሲቲዎችስ? ማስተማር፣ መመራመርና ማኅበረሰብ ማገልገል ሥራችን ነው ይላሉ። እንግዲያው እያንዳንዱ የስፖርት ሳይንስ ተመራቂ ከጥራዙ ጋር ሁለት ገጽ አማርኛ ያስገባ፤ መጠይቁን ለሞላለት አሰልጣኝ የሚሰጥ። ሁለት ገጽ ብቻ። በጉራጊኛም ቢሆን ደግሞ እልል ነው።

እናንተ የአዲስ አበባ ወንድሞችና እህቶች፣ ለእናንተም አለን። አባቶቻችን በ1950ዎቹ መርካቶ ተሰብስበው፣ ከሱቃቸው እያዋጡ፣ ማንንም ሳይጠብቁ ወደ አገር ቤት መንገድ ያሠሩ ሰዎች ናቸው። ከመንገድ ሥራ ማኅበሩ ቀጥሎ ትምህርት ቤት መጣ። እኛ መስቀል በደረሰ ቁጥር በዚያው መንገድ መለያና ኳስ ጭነን እንገባለን፤ ጀፎረው ላይ ልጆች ሲሯሯጡ ስናይ ሆዳችን ይባባል። መልካም ነው፤ አትተዉ። በሚቀጥለው ጊዜ ግን ከመለያው ጆንያ ላይ አንድ ካርቶን ወረቀት ጫኑበት።

እኛ ጀምረናል፤ ትንሽ ነው። ያንን የጭንቅላት ጉዳይ በራሳችን ቃል፣ በአንድ ገጽ፣ በትልልቅ ፊደል ጻፍነው፤ ሐኪም የሆነች ወዳጃችን አየችው፣ ሁለት ቦታ ላይ ገሠጸችን፣ አስተካከልነው። 50 ቅጂ አባዝተን መጀመሪያ የወሰድነው ለእኚያ አሰልጣኝ ነው። ከሜዳው ዳር ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለው በጣታቸው መስመር በመስመር እየተከተሉ አነበቡት። «የአንጎል መናወጥ» ያልነውን ሰርዘው ከላዩ ላይ በእስክሪብቶ «ጭንቅላቱን ተመትቶ ሲዞርበት» ብለው ጻፉ። «እንዲህ ካላላችሁ ምክትሌ አይገባውም» አሉ። ከዚያ ወረቀቱን ለሁለት አጥፈው ከፊሽካው ጋር ኪሳቸው ከተቱና ቀና ብለው አዩን።

«የጉልበቱስ መቼ ይደርሳል?»